ባለ ሽቦው ይሻላል ወይስ ሽቦ አልባው?

ልጅ ሳልወልድ በፊት ስለ ጆሮዬ ተጠራጥሬ አላውቅም ነበር። አምቦ ከዋናው መንገድ ዳር ባለችው የልብስ ስፌት ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ከማዶ በኩል ሁለት ሰዎች እኔ ስለ ሰፋሁት ሱሪ የሚያወሩትን አንድ በአንድ እለቅም ነበር። «እግሩ ጠምሟል» ሲሉ እሰማለሁ። «የሱሪው ነው የሰውዬው?» ሲባባሉም እሰማለሁ። ሐሜት ከሆነ ጉደር ድረስ የሚሰማ ጆሮ ነው ያለኝ። ታዲያ ይኸው ጆሮ የገዛ ልጄ ስታለቅስ አልሰማም ብሎ ከአማቴ ፊት አዋረደኝ።

ከስፌት ቤቴ ጀርባ ግቢ አለ፤ ከግቢው ማዶ ደግሞ ሁለት ክፍል ቤታችን። መሐሉ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ባለቤቴ ጫልቱ ጉደር የምትሠራ ጤና ረዳት ናት። የመጀመሪያ ልጃችንን ቢፍቱን ከወለደች ገና አንድ ወሯ ነበር። እናቷ ሊያርሷት ጎጆ ከምትባለው የደጋ አገር ወርደው አብረውን ተቀምጠዋል። የዚያን ቀን ጫልቱ ገበያ ወጣች፤ አማቴም ለቅሶ ቤት ሄዱ። ጫልቱ ስትወጣ «ጆሮህን ወደ ቤት ጣል አድርግ» አለችኝ። እኔም ጣል አደረግሁ፤ ነገር ግን የስፌት መኪናዬ ስትነሳ የወፍጮ ቤት ታናሽ እህት ናት፤ የጣልኩትን ጆሮ መልሳ ወደ እኔው ወረወረችው። ስድስት የካኪ ሱሪ እግር አጥፌ ቀና ስል አማቴ ግቢው መሐል ቆመዋል፤ ቢፍቱን ታቅፈዋል። ልጅቷ ፊቷ ቲማቲም መስሏል፤ ድምፅዋ ተዘግቶ የምታወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ ቀጥሎ የሚመጣው አይገባችሁም። በባለቤቴ ወገን ወግ አማችና አማት ይፈራራሉ። ስም አይጠራሩም፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው አያወሩም። የሚያምር ወግ ነው፤ ችግሩ የእኛ ቤት ለዚህ ወግ የሚበቃ ስፋት የለውም። እሳቸው ሲገቡ እኔ ስወጣ፣ እኔ ስገባ እሳቸው ሲወጡ በሩ ማጠፊያው ላላ። በመጨረሻ መላ አገኘን። ለእኔ የሚሉትን ሁሉ ለቢፍቱ ይነግሯታል፤ እኔም ለእሳቸው የምለውን ወደ ቢፍቱ አጎንብሼ እነግራታለሁ። «ቢፍቱ፣ አባትሽ በር አይዘጋም እንዴ? ብርድ ገባ!» ይላሉ በኦሮምኛ። «ቢፍቱ፣ አሁን እዘጋዋለሁ በያቸው» እላለሁ እኔ። ልጅቱ ጡቷን ጠብታ እንደተኛች ታስታርቀናለች። እንዲህ ያለ ሽማግሌ በአገሩ የለም።

እውነት ለመናገር ግን አማቴ ትንሽ ይንቁኛል ብዬ አምን ነበር። ሲናገሩ ጎረቤት እስኪሰማ ይጮሃሉ። እኔ ስለ ጨው ስጠይቅ እሳቸው ስለ በግ ይመልሳሉ። «ቢፍቱ፣ እራት በልተው እንደሆን ጠይቂልኝ» ስል «ነገ ይዘንባል» ይሉኛል። የጎጆ ሰው ኩራቱ ነው፣ አንድ ልብስ ሰፊ አማች መልስ አይገባውም ብለው ነው እያልኩ ቅሬታዬን ውጬ እኖራለሁ።

እንግዲህ የዚያን ቀን ግቢው መሐል ቆመው ለልጄ እንዲህ አሏት፦

«ቢፍቱ፣ አባትሽ የሚሰማው መኪናውን ብቻ ነው። እናትሽ ፈቃዷ ሊያልቅ ነው። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ከእኔ ጋር ጎጆ ትሄጃለሽ። የላም ወተት አለ። እኔ ደግሞ ጆሮ አለኝ!»

የመጀመሪያ የልጅ ልጅ አያት ዘንድ ማደጉ እዚያ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ብዙ ሰው እንደዚያ አድጎ ትልቅ ሰው ሆኗል። እኔ ግን ይህን ሰምቼ ስመለስ ሰባተኛውን የሱሪ እግር ጉልበቱ ላይ አጠፍኩት። ማታ ጫልቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ «ጡቴስ? ማን ሊጠባው ነው?» አለችኝ። «አልሰጥም!» አልኩ። ይህን ያልኩት ግን በሹክሹክታ ነው፤ አማቴ እንዳይሰሙ።

«ታዲያ ለእናቴ እምቢ በልልኝ» አለች።

«አንቺ አትይም? እናትሽ ናቸው።»

«እኔ ማለት አልችልም» አለች። ለምን እንደማትችል አልጠየቅኳትም። የባል ጆሮም እንደ ልብስ ሰፊ ጆሮ ነው፤ መስማት ያለበትን ያልፈዋል።

«ሕፃኗን ለምን ስፌት ቤቱ ውስጥ አላስተኛትም?» ማለታችሁ አይቀርም። ብዬ ነበር። አማቴ አልፈቀዱም። መጀመሪያ የጨርቅ ብናኝ አሉ። ቀጥሎ መንገደኛው ሁሉ ያያታል አሉ። እሳቸው ጴንጤ ናቸው፤ ቢሆንም «ጌታን ካወቅሁ ወዲህ በሰው ዓይን አላምንም፤ የሰው ዓይን ግን ይህን አልሰማም» ብለው ለቢፍቱ አስረዷት።

እኔ በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሳለሁ ግርማ የሚባል ልጅ መጣ። ጀርመን አገር ተምሮ የተመለሰ ነው፤ ሊያገባ ስለሆነ ሙሉ ልብስ ከነሰደርያው ሊያሰፋ ነው የመጣው። ትከሻውን ስለካ ችግሬን አወራሁለት፤ ልብስ ሰፊ ሜትር ሲዘረጋ አፉም አብሮ ይዘረጋል። ግርማ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይሄማ እዚያ ችግር አይደለም። የሕፃን ድምፅ የሚያመጣ ዕቃ አለ። አንዱ ሣጥን ልጁ አጠገብ ይቀመጣል፣ አንዱ እርስዎ ጋ። ትንፍሽ ስትል ይሰማሉ። እኔ ሁለት ዓይነት ይዤ መጥቻለሁ። አንዱ ባለ ሽቦ ነው፣ አንዱ ሽቦ አልባ። የወደዱትን ይውሰዱና ልብሱን ይስፉልኝ።»

ገና ያላገባ ሰው የሕፃን መስሚያ ሁለት ዓይነት ይዞ መምጣቱ ገረመኝ፤ ጎበዝ ተማሪ ማለት እንደዚህ ነው። ዕቃዎቹን በማግስቱ አመጣቸው። የሳሙና መያዣ የሚያካክሉ ነጫጭ ሣጥኖች ናቸው። «ሞክረው ይወስኑ» ብሎኝ ሄደ። መወሰን! እኔ አንድ ቁልፍ ለመምረጥ ደንበኛን ሦስት ቀን የማመላልስ ሰው ነኝ።

ለምክር ያሉኝ ኦቦ ደቻሳ ናቸው። ኦቦ ደቻሳ በጡረታ የተገለሉ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ከጠዋት እስከ ማታ ስፌት ቤቴ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው መንገዱን ይቆጣጠራሉ። ሁለቱንም ዕቃ አገላብጠው አዩና ለሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሽቦ የሌለው፣ ድምፅ የሚያስተላልፍ ነገር? በዚህ በአብዮት ዘመን? ልጄ፣ መገናኛ ሬዲዮ ይዞ ተገኘ ብለው እስር ቤት ቢያስገቡህ ልጅቷን ማን ሊሰማት ነው?»

«ባለ ሽቦውስ?»

«እሱም ቢሆን የባትሪ ድንጋይ ይበላል። ስማኝ፣ ሃያ ዓመት ስነዳ ረዳቴ ከኋላ ገመድ ስቦ ደወል ይሰጠኝ ነበር። ወራጅ አለ ማለት ነው። አንድ ቀን አልተሳሳተም። የልጅቷን እግር በለስላሳ ክር እሰር፣ ክሩን በመስኮት አውጣ፣ እዚህ ደወል አንጠልጥል። ስታለቅስ ትፈራገጣለች፤ ስትፈራገጥ ይደወላል።»

ነገሩ ወጪ የለው፣ ሹም አያስቆጣ። በማግስቱ ክሩን ዘረጋሁ፤ የበግ ደወልም ተገኘ። ቅጭል! ሮጥኩ። ቢፍቱ ጣሪያውን እያየች ትስቃለች። ተመለስኩ። ቅጭል! ሮጥኩ። አሁንም ትስቃለች። ኦቦ ደቻሳ ደወሉ በጮኸ ቁጥር «ወራጅ አለ!» እያሉ እኔን ያጣድፉኛል። እስከ እኩለ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ግቢውን አቋርጬ፣ የአንድ መምህር ኮት እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ከዚያ ደወሉ ጭጭ አለ። «ተኛች» አልኩና እፎይ ብዬ ተቀመጥኩ። ጫልቱ ከጓሮ ጠራችኝ። ለካ ልጄ ስትደሰት ትፈራገጣለች እንጂ ስታለቅስ እንጨት ነው የምትሆነው፤ ግትር ብላ ስታለቅስ ቆይታለች። ኦቦ ደቻሳ ጥፋቱን በእኔ ሊያላክኩ አልቻሉም። «እኔ ይህን አልጠረጠርኩም፤ ተሳፋሪ ሲደሰት አይወርድም» አሉ።

ቀኑ እየሄደ ነው። ጫልቱ ማታ ማታ «የትኛውም ይሁን፣ ብቻ ቶሎ ወስን» ትለኛለች። «እንዲህ ያለ ነገር በጥድፊያ አይወሰንም» እላታለሁ። አማቴ ለቅዳሜ የልጅቷን ልብስ ማጠፍ ጀምረዋል። እያንዳንዷን ቁራጭ ጨርቅ ሲያጥፉ እኔ በመስኮት እቆጥራለሁ።

ሽቦ አልባውን በፍርሃት ሞከርኩት። መጋረጃ ዘግቼ፣ ኦቦ ደቻሳን በር ላይ ዘብ አቁሜ፣ የራሴን ሣጥን ከጨርቅ ክምር ሥር ደብቄ ከፈትኩት። መጀመሪያ ሸሸሸ አለ። ከዚያ ወፍራም የወንድ ድምፅ መጣ።

«...በመስመርና በመስመር መካከል በቂ ርቀት መተው ያስፈልጋል። አረሙ በወቅቱ ካልተነቀለ...»

ልጄ በተወለደች በአርባ ቀኗ ስለ በቆሎ አዘራር ታስተምራለች! ቁልፉን ባዞር እሷ ትምህርቷን ቀጠለች። ለካ ዕቃው የሬዲዮ ጣቢያ ይስባል። ከባኮ የመጣ አንድ ገበሬ ጃኬቱን ሊወስድ ገብቶ ነበር፤ ከጨርቅ ክምር ሥር የሚወጣውን ትምህርት ኮፍያውን አውልቆ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። «እኛ ጋ እንኳ ርቀቱ ከዚህ ይበልጣል» ብሎ ክምሩን አርሞት ሄደ። በዚህ መሐል ቢፍቱ አልቅሳ ከሆነ ልቅሶዋ በቆሎው መሐል ጠፍቷል። ሽቦ አልባውን ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ቀረ ባለ ሽቦው። ማክሰኞ ዕለት ሽቦውን ከቤቱ መስኮት እስከ ስፌት ቤቱ በግቢው ላይ ዘረጋሁት። ገና ከመሰላሉ ሳልወርድ አማቴ በሽቦው ላይ ሰባት የሽንት ጨርቅ አሰጡበት። «ቢፍቱ፣ ይህ የልብስ ማስጫ አይደለም በያቸው» አልኩ። «አባትሽ አንድ ቁም ነገር ሠራ» አሏት እሳቸው። ሽቦው እንደ ሽማግሌ ወገብ ጎበጠ፤ በባላ እንጨት አቀናሁት። በባላውም ላይ ካልሲ ተሰጣበት። ደግነቱ ድምፁ እርጥብ ጨርቅ አይፈራም። ልጄ ስታዛጋ፣ ስታስነጥስ፣ ስትጠባ ሳይቀር ወለል ብሎ ይሰማኛል። መኪናዬን እየረገጥኩ የልጄን ትንፋሽ ስሰማ ዓይኔ እንባ ሞላ። ደንበኛ እንዳያየኝ ብዬ አቧራ ነው አልኩ።

ጫልቱ እናቷ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ ፊቷን ወደ ፊታቸው አስጠግታ፣ ስለ ሣጥኑ ስታስረዳቸው አየሁ። «ቢፍቱ ስታለቅስ አባቷ የሚሰማበት ነው» አለቻቸው። አማቴም ገባቸው። የገባቸው ግን ቃል በቃል ነው፤ ሣጥኑ ልቅሶ ብቻ የሚሰማ፣ ሌላውን የማያውቅ ዕቃ መሰላቸው።

ረቡዕ ጠዋት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ካኪያቸውን ሊለኩ መጡ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ ብብታቸው ሥር ስፒል ሰክቻለሁ፤ ቢንቀሳቀሱ ይወጋቸዋል። በዚህ ሰዓት ከሣጥኑ ውስጥ የአማቴ ድምፅ ተለቀቀ። እየጸለዩ ነው። በኦሮምኛ፣ በጎጆ ድምፅ፣ ግድግዳው እስኪነዝር። ለልጅቷ ጸለዩ፤ ለጫልቱ ጸለዩ፤ ብሔራዊ ውትድርና ለሄደው ልጃቸው ጸለዩ፤ የሚያዙትን ሹሞች ልብ እንዲያራራ ጸለዩ። በዚያ ዘመን እንኳን ሊቀመንበር ባለበት፣ ዶሮ ባለበትም እንዲህ አይጸለይም። ሣጥኑን ልዘጋ ብል ስፒሉን ለቅቄ ሊቀመንበሩን ማስወጋቴ ነው። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሰዎች ወለል ወለሉን አዩ።

«ይሄ የየት አገር ጣቢያ ነው?» አሉ ሊቀመንበሩ፣ እጃቸውን እንደዘረጉ።

«የ... የጎጆ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ሰውዬው አዳመጡ። ጸሎቱ አለቀ። ኦቦ ደቻሳ ሳያስቡት «አሜን» አሉ፤ ካሉ በኋላ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሊቀመንበሩ ስፒሉን ነቅዬ እጃቸውን እስካወርድላቸው ጠበቁና «የእኔም ታናሽ ወንድም እዚያው ነው ያለው» አሉኝ በቀስታ። «ልብሱ ለዓርብ ይድረስልኝ።» እሳቸው ከወጡ በኋላ አንድ ሙሉ እንስራ ውሃ የጠጣሁ መሰለኝ።

ሐሙስ ዕለት ጫልቱ ሥራ የምትመለስበትን ቀን ልታሳውቅ ጉደር ሄደች። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ወረደ። ደንበኛ የለም፤ ኦቦ ደቻሳም ጉልበታቸውን ብርድ ስለነካቸው ቀርተዋል። መኪናዬን አቁሜ በእጄ ገበር እየወሰወስኩ ነው። በሣጥኑ ውስጥ የቢፍቱ ትንፋሽ ይመጣል። ከዚያ የአማቴ ድምፅ መጣ፤ እንደ ወትሮው ጮክ ብሎ ሳይሆን ዝቅ ብሎ።

«አሁን እያለቀስሽ ነው ወይስ እያዛጋሽ?» አሏት።

ቢፍቱ ጸጥ ብላለች።

«አፍሽን ስትከፍቺ አያለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። አያትሽ ዝናብ መዝነቡን የምታውቀው በመስኮት አይታ ነው። ያን ቀን ከለቅሶ ቤት ከመጣሁ ቆይቻለሁ። ደጃፉ ላይ ድንች ስልጥ ነበር፤ ጀርባዬን ሰጥቼሽ። ዞር ስል አፍሽ ተከፍቷል፣ ፊትሽ ቀልቷል። ስንት ሰዓት እንደጠራሽኝ አላውቅም። አባትሽን ተቆጣሁት። ምን ላድርግ? ፈራሁ።»

መርፌዬ ገበሩ ውስጥ እንደተሰካ ቀረ።

«አጎትሽን ከወሰዱት ወዲህ ቤቴ ጭጭ አለ። ሰው ስለሌለ ነው ብዬ ነበር። በኋላ በጎቹም ዝም አሉ። አንድ ጠዋት አውራ ዶሮው አጥር ላይ ቆሞ አንገቱን ሰግጎ አፉን ከፈተ። ድምፅ የለውም። ያኔ ገባኝ። አንቺ ብትመጪልኝ ደረቴ ላይ አስተኛሽ ነበር። ስታለቅሺ ደረትሽ ይንቀጠቀጣል፤ እሱን እሰማለሁ።»

ሣጥኑን መዝጋት ነበረብኝ። ቁልፉ እጄ አጠገብ ነው። አልዘጋሁትም።

አሁን እውነቱን ልናገር፤ አንባቢ ፊት መዋሸት ደንበኛ ፊት እንደመዋሸት ቀላል አይደለም። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። አሸነፍኩ! ማታ ጫልቱ ስትመጣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብናገር ልጄ አምቦ ትቀራለች፤ በቃ። ይህን አስቤ ፈገግ ካልኩ በኋላ አፈርኩ። ስለ ጨው ጠይቄ ስለ በግ የተመለሰልኝ ጊዜ ሁሉ አንድ በአንድ መጣብኝ። እኔ ወደ ልጅቷ አጎንብሼ ነበር የማወራው። አፌን አይተውት አያውቁም።

ዝናቡን ሳልጠብቅ ግቢውን አቋረጥኩ። ገባሁና፣ በእነሱ ወግ የማይደረገውን አደረግሁ፤ በርጩማ ስቤ ፊት ለፊታቸው፣ የመስኮቱ ብርሃን ፊቴ ላይ እንዲያርፍ ሆኜ ተቀመጥኩ። አማቴ ደንግጠው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ቀስ ብዬ፣ አፌን እየከፈትኩ፣ በኦሮምኛ ተናገርኩ።

«ሃርሜ፣» አልኳቸው፤ ጫልቱ የምትጠራቸው እንደዚያ ነው፣ እናቴ ማለት ነው። «እኔ ያን ቀን አልሰማሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አልጋዋን መኪናዬ አጠገብ ላድርግ። ብናኙን እጠርጋለሁ፣ መጋረጃ እሰፋላታለሁ። ልጄን አይውሰዱብኝ። እለምንዎታለሁ።»

አፌን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ወዳለው ሣጥን ሄደና ወደ እኔ ተመለሰ።

«ልቅሶ ብቻ አይደለም እንዴ የሚሰማው?»

«አይደለም፣ ሃርሜ።»

«ጸሎቴንም?»

«ጸሎትዎንም። ሊቀመንበሩም ሰምተዋል።»

አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ያለቀሱ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻቸው ሲነቃነቅ ለካ እየሳቁ ነው። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ሲበቃቸው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ የጠረጉት ግን የሳቅ ብቻ አልነበረም።

«ለጫልቱ እንዳትነግራት» አሉኝ። ለእኔ ነው ያሉኝ፤ ለቢፍቱ አይደለም። «ጤና ረዳት ናት፤ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ታንከራትተኛለች። ደግሞ ታዝንብኛለች።»

«አልነግራትም። እርስዎ ግን እዚሁ ከእኛ ጋር ይቀመጡ።»

«በጎቹስ? እኔ ባልሰማቸው እነሱ ይሰሙኛል።» ይህን ብለው ተነሱና የልጅቷን አልጋ በአንድ በኩል ያዙ። «ና፣ በዚያ በኩል አንሳ። ሰው እያያት ትደግ። ሰው ያላየው ልጅ ምን ይሆናል?»

ጫልቱ ከጉደር ስትመለስ ልጇን በክርና በካኪ መሐል ተኝታ አገኘቻት። መኪናዬ ትንጫጫለች፤ ቢፍቱ ግን አፏን ከፍታ ትተኛለች። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ እንቅልፍ ተኝታ አታውቅም። «ወሰንክ?» አለችኝ ጫልቱ። «ወሰንኩ» አልኳት። «የትኛውን?» «አንዱንም።» ትንሽ አየችኝ፤ እናቷንም አየች። ለግርማ ዕቃዎቹን መለስኩለት፤ ሙሉ ልብሱንም አሳምሬ ሰፋሁለት። «የትኛው ይሻላል አሉ፣ ጋሼ?» ሲለኝ «ባለ ሽቦው ጥሩ ይሰማል፤ ስታገባ ግን ከመክፈትህ በፊት በደንብ አስብበት» ብዬ ሸኘሁት።

ቅዳሜ አማቴ ለብቻቸው ሊሄዱ የጎጆ መኪና የሚቆምበት ቦታ ወሰድናቸው። ድንችና ሰው የሚጭን መኪና ነው። ጫልቱ ቢፍቱን አዝላለች፤ እኔ የአማቴን ቋጠሮ አንጠልጥያለሁ። አማቴ ለመሰናበት ቢፍቱን ከጀርባዋ አውርደው ደረታቸው ላይ አጣበቋት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። እሳቸው ፊታቸው በራ።

በዚህ ጊዜ ሾፌሩ ከኋላቸው ክላክሱን ለቀቀው። ረጅም ክላክስ ነው። ድንች የሚጭኑት ሰዎች ጆሯቸውን ያዙ፤ አህያ በረገገ፤ ረዳቱ «ጎጆ! ጎጆ! ተነሳን!» እያለ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አማቴ ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም።

ቃሌን ልጠብቅ፣ ጫልቱ እንዳታውቅ ብዬ በግራ በኩል ተንደርድሬ ዞርኩና ፊታቸው ቆምኩ። ጫልቱም በዚያው ቅጽበት በቀኝ በኩል ተንደርድራ ዞራ ፊታቸው ቆመች። ልንጋጭ ምንም አልቀረንም። እኔ እሷን አየኋት፤ እሷ እኔን አየችኝ። ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም።

አማቴ ዓይናቸውን ገልጠው ሁለታችንን ፊታቸው ተገትረን አዩን።

«ምነው? ሊሄድ ነው እንዴ?» አሉ።

«አዎ ሃርሜ፣ ሊሄድ ነው» አልናቸው፣ ሁለታችንም አፋችንን በደንብ ከፍተን።